ለሚያነብ መካሪያችሁ ስጦታ ካሰባችሁ፣ ደሴ ያሉትን መጽሐፍ ጠራዥ ሳታዩ አዲስ መጽሐፍ አትግዙ

ይህ ጽሑፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው ደሴ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ያረጁ መጻሕፍትን እየፈቱ መልሰው ለሚጠርዙ አንድ አባት ነው። ጥቆማው ደግሞ ሙያ ላስያዛቸው፣ መንገድ ላሳያቸው ሰው ምን እንደሚሰጡ ለሚጨነቁ ሁሉ ነው፤ በተለይ ያ ሰው መጽሐፍ ከእጁ የማይለይ ከሆነ።

ለአንባቢ ሰው መጽሐፍ መግዛት ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። የወጣውን አንብቦታል፤ ያላነበበው ካለም ሳይፈልገው ቀርቶ ይሆናል። ግን የማንኛውንም አንባቢ መደርደሪያ ብታዩ አንድ የተለየ መጽሐፍ አታጡም፦ ለስንቱ ሲያውሰው ኖሮ ጀርባው የተላቀቀ፣ ቅጠሉ የሚረግፍ፣ በላስቲክ ወይም በሲባጎ ታስሮ የተቀመጠ። ያንን አስጠርዞ መመለስ ከየትኛውም አዲስ መጽሐፍ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ለማስደነቅ ብላችሁ ግን በድብቅ አትውሰዱት። ሰውየው ቢያጣው ይደነግጣል። ወይ በባለቤታቸው ወይ በልጃቸው በኩል ይሁን፤ ካልሆነ በግልጽ «ጋሼ፣ ይቺን መጽሐፍ ላስጠርዝልዎት?» ማለት ይሻላል። ከወሰዳችሁ በኋላ ቅጠል በቅጠል ግለጡት። የድሮ ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ ደረሰኝ አይጠፋውም። አንድ በአንድ እያወጣችሁ ፖስታ ውስጥ ክተቱና የትኛው ገጽ ላይ እንደነበረ ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉ። ሲመለስ ሁሉም በየቦታው ይግባ።

የገጹን ተራም በዚያው ቁጠሩ። የጎደለ ካለ ከሌላ ቅጂ ፎቶ ኮፒ ይነሣል፤ ወረቀቱ ከመጽሐፉ እንዳይወፍር ከ70 እስከ 80 ግራም ያለው ይበቃል። ፊትና ጀርባው በአንድ ቅጠል ላይ ይታተም፣ የፊደሉም መጠን ከዋናው እኩል መሆኑን አመሳክሩ። ጠራዥ ዘንድ ከደረሰ በኋላ «ገጽ 113 የለም» ቢባል ሥራው ይቆማል።

መጽሐፉ ለምን እንደተበተነ ማወቅ ከጠራዡ ጋር ለመነጋገር ይጠቅማል። ብዙው የዛሬ መጽሐፍ በክር አልተሰፋም። ቅጠሎቹ በጀርባቸው በኩል ተቆርጠው በትኩስ ሙጫ ልባሱ ላይ ተለጥፈዋል። ሙጫው ሲያረጅ ይደርቃል፤ መጽሐፉ ተለጥጦ የተከፈተበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ይሰነጠቃል። አንድ ቅጠል ሲወጣ ጎረቤቱን ያላላል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር ችግሩን ያባብሰዋል፦ ግልጽ ፕላስተር እንለጥፋለን። ማጣበቂያው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ልናነሣው ስንል ፊደሉን ይዞ ይነሣል። የስቴፕለር ሽቦም እንዲሁ ነው። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ከተማው ላይ በሚተኛበት ክረምት ዝጎ ወረቀቱን ይበላዋል። እንግዲህ ስለ ስጦታው ስታስቡ ፕላስተር የተለጠፈበት ገጽ ካለ እናንተ አትንኩት፤ እንዳለ ወስዳችሁ አሳዩ።

እኚህን ጠራዥ ያመሰገንንበት ዋናው ምክንያት መጀመሪያ የሚያነሡት ዕቃ ማስመሪያ መሆኑ ነው። መጽሐፉን መሐል ላይ ከፍተው የውስጥ ኅዳጉን፣ ማለትም ከጽሑፉ እስከ ጀርባው ያለውን ባዶ ቦታ፣ ይለካሉ። ሌላ ቦታ በብዛት የሚሠራው፣ ዶሴ እንደሚወጋው፣ በጎን ወግቶ መስፋት ነው። ፈጣንና ጠንካራ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል፣ ምክንያቱም ሲታተም ለጥረዛ ተብሎ ሰፊ ኅዳግ ይተውለታል። የተራ መጽሐፍ ነገር ግን ሌላ ነው። ወስፌው ከጀርባው 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ሲወጋ ያ ሁሉ ቦታ ይዋጣል። የውስጥ ኅዳጉ 1.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ መጽሐፍ እንዲህ ከተጠረዘ አንባቢው የመስመሩን ጫፍ ለማየት ገጹን በሁለት አውራ ጣቱ ይዞ ሲታገል ይኖራል። መልኩ ያምራል፣ መደርደሪያ ላይ ይቆማል፣ አይነበብም። ለአንባቢ ሰው ከዚህ የከፋ ስጦታ የለም።

ኅዳጉ ጠባብ ከሆነ እሳቸው አይወጉም። ቅጠሎቹን አስተካክለው በሁለት ጣውላ መካከል በሞርሳ ያጠብቃሉ፤ የድሮውን ሙጫ በብርጭቆ ወረቀት እስኪጠራ ይፍቃሉ። ከዚያ ጀርባውን እንደ መጫወቻ ካርታ ወደ አንድ ጎን ዘርግተው ነጭ ኮላ በስሱ ይቀባሉ፣ ወደ ሌላው ጎን አዙረው ይደግማሉ። እንዲህ ሲሆን ኮላው ጀርባው ላይ ብቻ ሳይቀር በየቅጠሉ መካከል ትንሽ ይገባል፤ ቅጠል ቅጠሉን ይይዛል። በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) በየ3 ሴንቲ ሜትሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያላት ጭረት ያወጡና ኮላ የነካ ክር ይቀብሩባታል። በላዩ ላይ የቁስል ሻሽ ይለጠፋል። ኮላው ውሃ ከበዛበት ወረቀቱ ይሸበሸባል፤ ከወፈረ ደግሞ ጀርባው እንደ ጣውላ ይደርቅና መጽሐፉ አልከፈት ይላል።

የድሮ ኅትመት ከሆነና ቅጠሎቹ በጥራዝ በጥራዝ፣ ማለትም ጥቂት ጥቂት እየሆኑ አንድ ላይ፣ ታጥፈው በክር የተሰፉ ከሆኑ ሥራው ሌላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እጃቸው የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። የድሮውን ክር ቆርጠው እያንዳንዱን ጥራዝ ይለያሉ፣ እጥፋቱ የተቀደደውን በስስ ወረቀት ይደግፋሉ፣ በድሮው ቀዳዳ መልሰው ይሰፋሉ። ክሩን ከመስፋታቸው በፊት በንብ ሰም ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጎትቱታል፤ የሰሙ ድቡልቡል ላይ ክሩ የሄደበት መንገድ እንደ ቦይ ተቆፍሯል። ሰም የነካ ክር አይቋጠርም፣ ወረቀቱንም እንደ መጋዝ አይቆርጥም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጻፉት የአራቱ ወንጌል ብራና ወሎ ውስጥ መጽሐፍ ምን ያህል ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ምስክር ነው። የብራና መጽሐፍ ጥራዞቹ እርስ በርስ በክር ተያይዘው ከእንጨት ገበታው ጋር ይሰፋሉ፤ ጀርባው ላይ ሙጫ አይፈስበትም፣ ስለዚህ ተዘርግቶ ይከፈታል። የተሰፋ መጽሐፍ በእጃችሁ ካለ «ጀርባውን ቆርጠህ በኮላ አያይዘው» ብላችሁ አታበላሹት።

ሌላው በግልጽ መነገር ያለበት ክርከማ ነው። ጠራዥ ጠርዙ እኩል እንዲሆን ሦስቱን ጎን መከርከም ይወዳል። መካሪያችሁ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የሚጽፍ ሰው ከሆነ ግን ማስታወሻው ከቁራጩ ጋር ይሄዳል። «አይከርከም» ብላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ መጽሐፉ ላይ እሰሩ። እኚህ አባት ሳይጠይቁ አይከረክሙም፤ ሌላ ዘንድ ከወሰዳችሁት ግን አደራ።

ለልባሱ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ካርቶን ይበቃል። ካርቶኑ ከቅጠሉ በሦስት ጎን 3 ሚሊ ሜትር ይውጣ፤ ከዚያ ከበለጠ ማዕዘኑ ይታጠፋል። በጀርባውና በካርቶኑ መካከል ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካልተተወ ልባሱ ሲከፈት የመጀመሪያውን ቅጠል ይዞ ይቀድዳል። ለመሸፈኛ ጥሩ ሸራ እንመርጣለን። ሰው ሠራሽ ቆዳ ሲገዙት ያብረቀርቃል፣ ከዓመታት በኋላ ግን መታጠፊያው ላይ ይላጣል። እውነተኛ ቆዳ ከፈለጋችሁ የፍየል ይሁን፤ የበግ ቆዳ ለስላሳ ቢሆንም ፊቱ ቶሎ ይፋቃል። ጀርባውና ማዕዘኑ ቆዳ፣ የቀረው ሸራ ሲሆን ወጪው ይቀንሳል፣ ለዓይንም ያምራል።

ርዕሱን ጀርባው ላይ በወርቃማ ፊደል የምታሳትሙ ከሆነ በቃል አትናገሩ። «ፀ» ይሁን «ጸ»፣ «ሐ» ይሁን «ሀ»፣ ልክ በድሮው ልባስ ላይ እንዳለው በትልቁ ጽፋችሁ ስጡ። ሲሞቅ የታተመ ፊደል አይፋቅም። የድሮው ልባስም አይጣል፤ በአዲሱ ካርቶን ውስጥ በኩል ወይም ከመጀመሪያው ባዶ ቅጠል ቀጥሎ ሊለጠፍ ይችላል።

ወሎ ነንና ይህን ሳንጠቅስ አናልፍም። መካሪያችሁ ሸህ ከሆኑና መጽሐፉ የዐረብኛ ኪታብ ወይም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ መንዙማ ከሆነ የሚከፈተው ከሌላው ጎን ነው፤ ጀርባው በቀኝ ይውላል። የአማርኛ መጽሐፍ የለመደ እጅ የፊቱን ልባስ ከኋላ ያደርገዋል፣ ርዕሱም ተገልብጦ ይታተማል። እኚህ ጠራዥ ሁለቱንም ያውቃሉ። ቁርኣን ከሆነ ደግሞ ንጽሕናው ስለሚጠበቅ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ለብቻው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ነው የሚሠሩት።

የምስጋና ቃላችሁን የርዕሱ ገጽ ላይ አትጻፉ፤ ያ ገጽ የመጽሐፉ ነው። ጠራዡ ከፊት የሚጨምሯት ባዶ ቅጠል ላይ፣ ወደ ኋላ በማያልፍ ተራ እስክሪብቶ፣ ሦስት ወይም አራት መስመር ትበቃለች፦ ምን እንዳስተማሯችሁ፣ ስማችሁ፣ ቀኑ።

ጊዜውን አስቡበት። በደረቁ ወራት አንድ ሳምንት ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ኮላው ቶሎ አይደርቅም፤ ከክብደት ሥር ሁለት ሦስት ቀን ካላደረ ካርቶኑ እንደ ጣባ ይጎብጣል። ሰኔ ላይ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ስለሚሰለፉ ከግንቦት አጋማሽ በፊት ብታደርሱ ይሻላል። ዋጋው በገጹ ብዛትና በልባሱ ዓይነት ስለሚለያይ መጽሐፉን አሳይታችሁ ዋጋ ቁረጡ።

ሲሰጧችሁ እዚያው ቆማችሁ መሐል ላይ ክፈቱት። ሳትጫኑት ተዘርግቶ ከቀረ፣ ሲዘጋም ካርቶኑ ሳይነሣ ከተኛ ጥሩ ተጠርዟል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ቁጥር ተመልከቱ፤ ያስቀመጣችሁትን ፖስታ መልሳችሁ በየገጹ ክተቱ።

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የእሳቸውን ስምና ስልክ በአደባባይ አንለጥፍም፤ ያለሰው ብቻቸውን ስለሚሠሩ ሥራ እንዳይደራረብባቸው እንፈልጋለን። የምር የሚጠረዝ መጽሐፍ ያላችሁ የጀርባውንና መሐል ላይ የተከፈተውን ፎቶ፣ ከነውስጥ ኅዳጉ ልክ፣ በውስጥ መስመር ላኩልን፤ አድራሻቸውን እንሰጣችኋለን።