«ሊንክ በሊንክ እንለዋወጥ» ለሚሉ ግብዣዎች እሺ ከማለታችሁ በፊት

የራሱን ድረ ገጽ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ የሚደርሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል አለ። ላኪው በመጀመሪያ ድረ ገጻችሁን ያደንቃል፤ ቀጥሎ ሊንካችሁን ከወዲሁ በራሱ ገጽ ላይ እንዳስቀመጠ ይነግራችኋል፤ በመጨረሻም እናንተ በአጸፋው የእርሱን ሊንክ ካስገባችሁ ሁለታችሁም በጎግል የፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ እንደምትሉ ያስረዳል። ከእነዚህ መልእክቶች አንዳንዶቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ሌሎቹ ግን ወርሃዊ ክፍያ ወደሚጠየቅበት የልውውጥ ማኅበር የሚያስገቡ በሮች ናቸው። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ማኅበር ሰባት ወር ከፍያለሁ። ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው ገንዘቡን፣ ከገንዘቡም በላይ የሚከብደውን የድረ ገጹን አመኔታ በዚሁ መንገድ እንዳያጣ ከልብ ስለምፈልግ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ዘዴው አንድ ሆኖ ስሙ ስለሚለዋወጥ ማወቅ የሚጠቅመው ዘዴውን ነው።

የእኔ ድረ ገጽ ስለ ልብስ ስፌት ማሽን ጥገና የሚያስተምር ነው። ጎብኚዎቹ ብዙ ባይሆኑም የተበላሸ ማሽን ፊታቸው አስቀምጠው መላ የሚፈልጉ ሰዎች ስለነበሩ፣ ገጾቹ በፍለጋ ውጤት ላይ ጥቂት ከፍ ብለው በቀላሉ ቢገኙ ብዬ መመኘቴ አልቀረም። የቀረበልኝ ግብዣ አርባ ድረ ገጾች የእኔን ሊንክ እንዲያስገቡ፣ እኔም በምላሹ «አጋሮቻችን» የሚል ገጽ ከፍቼ የአርባዎቹን ሊንክ እንዳስቀምጥ የሚል ነበር፤ አስተባባሪው ድርጅት ደግሞ ለድካሙ በየወሩ ይከፈለዋል። በሦስት ወር ውስጥ በመጀመሪያው የውጤት ገጽ ላይ እንደምገኝም በጽሑፍ አረጋገጠልኝ። ጎግል ራሱ ድረ ገጻቸውን ለማስተዋወቅ ባለሙያ ለሚቀጥሩ ሰዎች በሚሰጠው ምክር ውስጥ፣ አንደኛ ደረጃን ማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። ያንን ምክር ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ያ የማረጋገጫ ወረቀት ብቻውን በቂ ምልክት ይሆነኝ ነበር።

ሦስተኛው ወር አልፎ ጠብ ያለ ነገር ስላላየሁ አርባዎቹን ድረ ገጾች አንድ በአንድ ከፍቼ መመርመር ጀመርኩ። ወደ አሥር በሚሆኑት ላይ ሊንኬ ጭራሽ አልነበረም፤ ገብቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ፎቶው በሪፖርት ተልኮልኝ፣ ከዚያ በኋላ ተነሥቷል። በሌሎቹ ላይ ሊንኩ ለዓይን ይታያል፤ የገጹ ኮድ ሲከፈት ግን «ኖፎሎው» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ጎግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት ተስማምተው የተቀበሉት ሲሆን፣ የፍለጋ ፕሮግራሙ ያንን ሊንክ እንደ ድጋፍ እንዳይቆጥረው የሚነግር ነው። ጎብኚ ሊያየው አይችልም፤ ለእኔ ዓይነቱ ከፋይም እንደተሟላ ውል ይመስላል። ከዚህ የረቀቀም ነበር። አንዳንዶቹ ሊንኬን ያስቀመጡበትን ገጽ በሮቦትስ ፋይላቸው (የፍለጋ ፕሮግራሞች የትኛውን ገጽ ማንበብ እንደሌለባቸው በሚነግረው ፋይል) ዘግተውታል፤ አንዳንዶቹ ገጹ በፍለጋ መዝገብ ውስጥ እንዳይገባ የሚያዝ መስመር ኮዱ ውስጥ ጨምረዋል፤ የሌሎቹ ገጽ ደግሞ ከድረ ገጹ ከየትኛውም ክፍል ሊንክ ስለሌለው አድራሻው ለተነገረው ሰው ካልሆነ በቀር ለማንም የሚገኝ አልነበረም። የቀሩት ጥቂቶች እውነተኛ ሊንክ ሰጥተውኛል፤ ነገር ግን የስፌት ማሽን ጥገናዬ ከቁማር፣ ከፈጣን ብድርና ሐኪም ካላዘዛቸው መድኃኒቶች ጋር ሁለት መቶ በሚያህሉ ሊንኮች መካከል ተሰልፎ ነበር።

በእኔ በኩል ያለው ግን ሌላ ነበር። እኔ አርባውንም ሊንክ ያለ ምንም ምልክት፣ ከመነሻ ገጼ በቀጥታ በሚደረስበት ቦታ በታማኝነት አስቀምጫለሁ። ልውውጥ ተባለ እንጂ በሥራ ላይ የዋለው የእኔ ድርሻ ብቻ ነበር። ቅሬታዬን ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ «ጎግል ጊዜ ይወስዳል፤ ታገሡ» የሚል ነበር፤ በዚህም አራት ተጨማሪ ወራት አለፉ።

የልውውጡ ሐሳብ ብዙ አስተዋይ ሰዎችን የሚያሳምነው ከእውነት የተቆረሰ ቁራጭ ስላለበት ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ የነደፉትና እ.ኤ.አ. በ1998 ለተመሠረተው ጎግል መነሻ የሆነው «ፔጅራንክ» የተባለ ስሌት፣ አንድ ገጽ ለሌላው የሚሰጠውን ሊንክ እንደ ምስክርነት ይቆጥራል። አስተባባሪዎቹ የማይናገሩት የቀረውን ክፍል ነው። በዚያው ስሌት የምስክሩ ቃል የሚመዝነው ምስክሩ ራሱ የተመሰከረለት በሆነ መጠን ነው፤ ያለው ክብደትም ከገጹ ለሚወጡ ሊንኮች ሁሉ ይከፋፈላል። ስለዚህ ማንም ሊንክ ያላደረገለት፣ ሁለት መቶ ሊንክ የተጠቀጠቀበት «አጋሮቻችን» ገጽ ከምንም የሚቀርበውን ክብደቱን ለሁለት መቶ አካፍሎ ነው የሚሰጣችሁ። ከዚህም በላይ እርስ በርስ ብቻ የሚተሳሰሩ ገጾች ጉዳይ ለፈልሳፊዎቹ አዲስ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጽሑፋቸው፣ ሁለት ገጾች ለሌላ ለማንም ሳያካፍሉ እርስ በርስ ብቻ ሲጠቋቆሙ ክብደትን እንደ ወጥመድ ይዘው እንደሚያስቀሩ ገልጸው፣ ስሌቱን ይህን እንዲቋቋም አድርገው ነው የሠሩት። ዛሬ ሥራ ላይ ያለው አሠራር ደግሞ ከዚያን ጊዜው እጅግ የሰፋ ነው።

በደንብ በኩልም የሚያሻማ ነገር የለም። ጎግል ስለ ስፓም፣ ማለትም የፍለጋ ውጤትን ለማታለል ስለሚደረጉ ነገሮች፣ ባወጣው መመሪያ ውስጥ ከተከለከሉት ነገሮች መካከል ከመጠን ያለፈ የሊንክ ልውውጥና ለመተሳሰር ብቻ ተብለው የሚከፈቱ የአጋር ገጾች በስማቸው ተጠቅሰዋል፤ «ሊንክ ስጠኝና እኔም እሰጥሃለሁ» የሚለው አባባል ሳይቀር በምሳሌነት ሰፍሯል። ደረጃን ለማሳደግ ሲባል ሊንክ መግዛትና መሸጥም እንዲሁ። ወርሃዊ ክፍያ ያለበት የልውውጥ ማኅበር እንግዲህ ሁለቱንም ክልከላ በአንድ ጊዜ ይጥሳል።

ክልከላው በወረቀት ላይ የቀረ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2012 ጎግል «ፔንግዊን» የተባለውን የደረጃ አሰጣጥ ለውጥ ሲያወጣ በእንግሊዝኛ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 3.1 በመቶ ያህሉን እንደሚነካ አስታውቆ ነበር፤ በሰው ሠራሽ ሊንክ የወጡ ብዙ ድረ ገጾችም በዚያን ጊዜ ወረዱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ፔንግዊን የዋናው ስሌት አካል ሆኖ ያለማቋረጥ እንዲሠራ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ አዘውትሮ የሚያደርገው የተጠረጠሩትን ሊንኮች ዋጋ ማሳጣት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ደግሞ «ስፓምብሬን» የተባለው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ሥርዓት ሊንክ የሚገዙትንም ሆነ ለመሸጥ የተከፈቱትን ድረ ገጾች ለመለየት ሥራ ላይ ዋለ። ከሸማች ወገን ሆናችሁ ስታዩት የዚህ ሁሉ ትርጉም አንድ ነው፦ ብዙውን ጊዜ የከፈላችሁበት ሊንክ ከዜሮ ይቆጠራል፤ አስተባባሪው ግን ክፍያውን መሰብሰቡን ይቀጥላል፤ ዜሮ መሆኑንም የሚነግራችሁ የለም።

ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜም አለ። ይህም የጎግል ሠራተኞች አንድን ድረ ገጽ ተመልክተው በእጅ የሚወስዱት እርምጃ ሲሆን፣ ማስታወቂያው ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው ሰርች ኮንሶል በተባለው አገልግሎት በኩል ይደርሳል። እርምጃው ለትልቅ ስምም አይመለስም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ጎግል የራሱን የክሮም ማውረጃ ገጽ፣ በማስታወቂያ ዘመቻ ውስጥ በገንዘብ የተጻፈ ጽሑፍ ያለ ኖፎሎው ሊንክ አድርጎለት በመገኘቱ ምክንያት ቢያንስ ለ60 ቀናት ከደረጃው ዝቅ አድርጎታል። እኔን በሰባተኛው ወር ያገኘኝ ማስታወቂያ ከድረ ገጼ ስለሚወጡት ሰው ሠራሽ ሊንኮች የተጻፈ ነበር። ልብ በሉ፤ የተቀጣሁት ለእኔ በተሰጡኝ ሊንኮች አይደለም፣ አብዛኞቹ ከመጀመሪያውም የሚቆጠሩ አልነበሩምና፤ የተቀጣሁት እኔ በታማኝነት በሰጠኋቸው ነው።

እነዚህ ድርጅቶች በጣም የሚመኩበት ሌላው ነገር ቁጥር ነው። ለእኔ የተላከልኝ ሰንጠረዥ ከእያንዳንዱ ድረ ገጽ አጠገብ ከመቶ የተሰጠ ነጥብ ነበረበት፤ እኔም ጎግል የሰጠው ነጥብ መስሎኝ ነበር። አይደለም። «ዶሜይን ኦቶሪቲ» የሞዝ፣ «ዶሜይን ሬቲንግ» ደግሞ የኤችሬፍስ መለኪያ ነው፤ ሁለቱም ለንጽጽር የተሠሩ የግል ኩባንያዎች ግምቶች ናቸው፣ ጎግልም ለደረጃ አሰጣጡ አይጠቀምባቸውም። ብዙ ሊንክ በመደርደር ብቻ እነዚህን ነጥቦች ማሳበጥ ስለሚቻል፣ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ነገር ግን አንድም አንባቢ የሌለው ድረ ገጽ ማግኘት ቀላል ነው። የፔጅራንክ ቁጥር ጠቅሶ የሚቀርብላችሁ ካለ ደግሞ ንግግሩን እዚያው አቁሙት፤ ጎግል ያንን ቁጥር ለሕዝብ ማሳየት ካቆመ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ከውጭ ሆኖ ሊያውቀው የሚችል የለም።

«ቀጥተኛ ልውውጥ ይታወቃል፤ የእኛ ግን ሦስት ማዕዘን ስለሆነ አይታወቅም» የሚሉም አሉ። አንደኛው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ለአንደኛው ሊንክ ሲሰጥ ክበቡ ይሰወራል ማለታቸው ነው። የድረ ገጾችን ትስስር ከዳር እስከ ዳር ለሚያነብ ሥርዓት ግን የሦስት፣ የአራትም ሆነ የአርባ ድረ ገጾች ክበብ ከሁለቱ ያን ያህል የተሰወረ አይደለም። በእኔ ግምት ሦስት ማዕዘኑ የሚሰውረው ከጎግል ሳይሆን ከእናንተ ነው፤ ሊንካችሁን የሚያስገባውና የእናንተን ሊንክ የሚቀበለው የተለያዩ ሰዎች ስለሚሆኑ፣ አንዱ ቃሉን ሲያጥፍ ማንን እንደምትጠይቁ ይጠፋባችኋል።

ይህን ሁሉ ስል ሁለት ድረ ገጾች እርስ በርስ መጠቋቆማቸው በራሱ ጥፋት ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የስፌት ማሽን መለዋወጫዎችን የሚዘረዝር ገጽ የእኔን የጥገና ማብራሪያ ቢጠቅስ፣ እኔም በማብራሪያዬ መካከል አንባቢው መለዋወጫውን የሚለይበትን ያንኑ ዝርዝር ብጠቁም፣ ሁለቱም ሊንኮች የሚያገለግሉት አንባቢን ነው፤ በድረ ገጾች ዓለም የዘወትር ነገር ነው፣ ማንንም አያስቀጣም። ሊንኩን ለማስቀመጥ ስታስቡ የፍለጋ ፕሮግራም ባይኖር ኖሮ እዚያ ቦታ ታስቀምጡት እንደነበር ራሳችሁን ጠይቁ። ለአርባዎቹ ድረ ገጾች የእኔ መልስ አርባ ጊዜ «አላስቀምጥም» ይሆን ነበር።

ግብዣ ከደረሳችሁ ቢያንስ ሊንካችሁ የሚቀመጥበትን ገጽ ትክክለኛ አድራሻ ጠይቁና የገጹን ኮድ ራሳችሁ ክፈቱ፤ የሮቦትስ ፋይሉንም አንብቡ፤ ገጹ በጎግል ፍለጋ መውጣቱን አረጋግጡ። «በሁለት ቀን ውስጥ ካላስገባችሁ የእናንተን እናነሣለን» የሚል ማስፈራሪያ ካለበት ያንሡት፤ የምታጡት ነገር የለም። ክፍያ ከተጠየቃችሁ ግን ሊንኩ የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን ደንቡን መጣሳችሁ ነውና ምርመራም አያስፈልገውም።

ከወዲሁ ገብታችሁበት ከሆነ መጀመሪያ ክፍያውን አቋርጡ፤ በመቀጠል ከእናንተ ድረ ገጽ የሚወጡትን የልውውጥ ሊንኮች በሙሉ አንሡ፤ ይህ በእጃችሁ ያለ ስለሆነ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ወደ እናንተ የሚመጡትን ባለቤቶቹ እንዲያነሡ በጽሑፍ ጠይቁና የመልእክቱን ቅጂ አስቀምጡ። ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የማይፈልጓቸውን ሊንኮች ለመካድ፣ ማለትም ጎግል እንዳይቆጥራቸው ለመጠየቅ፣ የሚያገለግል መሣሪያ አለው፤ ሆኖም ይህ በእጅ የተወሰደ እርምጃ ላለባቸው ወይም እርምጃ ሊወሰድብን ይችላል ብለው ለሚሰጉ የታሰበ ስለሆነ፣ ማስታወቂያ ሳይደርሳችሁ በድንጋጤ ጤናማ ሊንኮችን ጭምር እንዳትክዱ ተጠንቀቁ። ማስታወቂያው ከደረሳችሁ ደግሞ ማጽዳቱን ጨርሳችሁ በሰርች ኮንሶል የዳግም ምርመራ ጥያቄ ታቀርባላችሁ፤ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንዳነሣችሁና እንደማትደግሙት በዝርዝር ጻፉ። መልሱ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይወስዳል።

የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ውድቅ ሆኗል። «አጋሮቻችን» የሚለውን ገጽ ብሰርዝም ሁለት ሊንኮች በአሮጌ ጽሑፎቼ ግርጌ ቀርተው ስለነበር ነው። እነርሱንም አንሥቼ ሁለተኛውን ጥያቄ ካቀረብኩ በኋላ እርምጃው ተነሥቶልኛል፤ ገጾቼ ግን ወደ ቀድሞ ቦታቸው ወዲያው አልተመለሱም። አስተባባሪውን ድርጅት የሰባቱን ወር ክፍያ እንዲመልስልኝ ጠይቄው ነበር፤ የላከልኝ መልስ በግማሽ ዋጋ ወደ አዲሱ የሦስት ማዕዘን ማኅበሩ እንድገባ የሚጋብዝ ነው።