ለሶላር መብራት የትኛው ባትሪ ይሻላል? ሊድ አሲድ ወይስ ሊቲየም

የቤቱን መብራት ከፀሐይ ለማግኘት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፓኔሉ ነው። ፓኔል ግን ብዙ አያስቸግርም። አንዴ በደንብ ከተሰቀለ አቧራውን እየጠረጉለት 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል። ቶሎ የሚደክመው፣ ደጋግሞ ገንዘብ የሚያስወጣው፣ ሲሞትም አፈርና ውሃ ሊመርዝ የሚችለው ባትሪው ነው። ጊዜ ወስዶ ማመዛዘን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ምርጫው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ሊድ አሲድ ነው። ፈረንሳዊው ጋስተን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም፤ እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ውሃ የሚጨመርበትም፣ ኤጂኤምም (አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ የተያዘበት ዝግ ባትሪ)፣ ጄልም (አሲዱ እንደ ሙጫ የረጋበት) የዚሁ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ላዩ ላይ «ሊቲየም» ስለተባለ ብቻ አትግዙ፣ ሙሉ ስሙን አንብቡ። የብዙ ስልኮችና ላፕቶፖች ባትሪ ኮባልት ያለበት ሌላ ዓይነት ሊቲየም ነው። አይረን ፎስፌት ኮባልትም ኒኬልም የለውም፤ ሙቀትንም ከእነዚያ በተሻለ ስለሚችል በእሳት የመያያዝ አደጋው አነስተኛ ነው። ለቤት የምመክረው ሊቲየም ይህን ብቻ ነው።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ሁለቱም ላይ «12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ሲያይና ዋጋቸውን ብቻ ሲያወዳድር ነው። ጽሑፉ አንድ ይሁን እንጂ የሚሰጡት አንድ አይደለም። ሊድ አሲዱ በወረቀት ላይ 1200 ዋት ሰዓት (12 ቮልት ሲባዛ በ100 አምፒር ሰዓት) ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ ባይወጣ ይመረጣል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 600 ነው። ሊቲየሙ 1280 ያህል ይይዛል፤ 80 በመቶውን ያለ ሥጋት ብትጠቀሙ ከ1000 በላይ ይሰጣችኋል። በዚህ ላይ ዕድሜውን ጨምሩበት። ጥሩ የሶላር ሊድ አሲድ በዚህ አጠቃቀም 800 ጊዜ ያህል ቢሞላና ቢራገፍ ደህና አገልግሏል። አይረን ፎስፌት 3500 ጊዜ ቢሰጥ ብርቅ አይደለም። ስታባዙት የመጀመሪያው በሕይወቱ 480 ኪሎዋት ሰዓት ሲሰጥ ሁለተኛው 3500 ያህል ይሰጣል። የእያንዳንዱን ዋጋ ለዚህ ቁጥር አካፍሉት። ለየቀኑ አገልግሎት ከሆነ፣ ርካሽ የመሰለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ሊድ አሲድ እንክብካቤም ይፈልጋል። ጎድሎ ከሰነበተ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገርና የመያዝ አቅሙን ይበላዋል። ደመናማ ሳምንት በመጣ ቁጥር ይህ ያሳስበኛል፤ የመጀመሪያ ባትሪዬን ያጣሁት በተከታታይ ደመና ሳይሞላ ስለሰነበተ ነው። ሙቀትም ጠላቱ ነው። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ይፈልጋል፤ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣም አየር የሚያገኝ ቦታና ከእሳት መራቅ ግድ ነው። ሊቲየሙ ግማሽ ሞልቶ ቢቆይ አይጎዳም፤ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው፦ 30 ኪሎ ያህል ከሚመዝነው ሊድ አሲድ ጋር ሲነጻጸር 12 ኪሎ ያህል።

ይሁን እንጂ ሊድ አሲድን ማጣጣል ፍትሕ አይደለም። ብርድ ባለበት ቦታ እሱ ይበልጣል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል፤ ስለዚህ በብርድ ቻርጅ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ያለውን መግዛት ያስፈልጋል። ለድንገተኛ መብራት መጥፋት ብቻ፣ ሁልጊዜ ሞልቶ ለሚጠብቅ ሥራም ኤጂኤም በቂ ነው።

የአካባቢው ነገር ከሁሉ ያሳስበኛል። እርሳስ ቀልጦ እንደገና ባትሪ መሆን ይችላል፤ ሥርዓት ያለው ፋብሪካ ባለበት ያረጀው ሊድ አሲድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተሰብስቦ ይታደሳል። በየጓሮው የሚቀልጥ ከሆነ ግን መርዙ የሚገባው ልጆች ደም ውስጥ ነው። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ ልጆች ደም ውስጥ አሳሳቢ የእርሳስ መጠን እንዳለ ገልጿል፤ ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱም ሥርዓት የሌለው የባትሪ ማቅለጥ ነው። ሊቲየሙ ይህ መርዝ የለበትም፤ መልሶ የሚያድሰው ፋብሪካ ግን ገና በየቦታው አልተስፋፋም። እኔን ወደ ሊቲየም ያደላኝ ዕድሜው ነው፦ አራት ባትሪ ከመጣል አንድ መጣል ይሻላል። ሊድ አሲድ የምትገዙ ከሆነ ሲያረጅ ማን እንደሚረከባችሁ ገና ሳትከፍሉ ጠይቁ።

ግዢ ላይ ስትደርሱ፣ ሊድ አሲዱን ከቻርጅ ውጪ ቆይቶ በቮልት መለኪያ አስለኩት። ሙሉ ከሆነ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ከሆነ መጋዘን ውስጥ ብዙ የከረመ ሊሆን ስለሚችል ተዉት። የመኪና ማስነሻ ባትሪ አትግዙ፤ ሳህኖቹ ስስ ናቸው፣ በየቀኑ መራገፍን አይችሉም። ለሊቲየም ደግሞ የቻርጅ መቆጣጠሪያችሁ (በፓኔሉና በባትሪው መካከል ያለው መሣሪያ) የሊቲየም ምርጫ እንዳለው አረጋግጡ፤ ሊድ አሲድን አልፎ አልፎ ከመደበኛው በላይ በሆነ ቮልት የሚሞላው «ኢኳላይዜሽን» የሚባለው አሠራር እንዲዘጋ አድርጉ።

በየቀኑ ለምትጠቀሙና ብርድ ለማይበዛባችሁ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ግዙ። ገንዘቡ አሁን ካልበቃ ደግሞ ሊድ አሲዱን ግዙና ከመያዝ አቅሙ ሲሶውን ብቻ እንድትጠቀሙ አምፖሉን በኤልኢዲ ቀይሩ፣ ኃይል የሚበሉ ዕቃዎችን ፀሐይ እያለ አሠሩ። እንዲህ ከተያዘ ከላይ ካልኩት 800 ጊዜ በብዙ ያልፋል።