የኪስ ነፋስ መለኪያ በጎርጎራ ጀልባ ላይ፦ ከበጋ እስከ ክረምት

ነፋስ፣ ሙቀት፣ እርጥበትና የአየር ግፊት የምትለካው ይህች መሣሪያ የተሠራችው ለባሕር ዳርቻ ጀልበኞች ነው። ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ወርዶ ጣና ላይ ጀልባ ለሚያወጣ ሰው ዋጋዋን የምታወጣው በነፋሱ ነው። የግፊቱ ክፍል ግራ ያጋባል።

ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር፣ ጣና 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ 10 ሜትር ቁልቁል በተወረደ ቁጥር ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከተማ ላይ የተስተካከለች መለኪያ ጎርጎራ ስትደርስ 30 ያህል ጨምራ፣ የግፊት መጨመርን የመልካም አየር ምልክት አድርጋ ስለምትወስድ፣ ስክሪኗ ላይ የፀሐይ ሥዕል ታወጣለች፤ ሰማዩ ጠቁሮም ቢሆን። ወደቡ ላይ ከፍታውን እንደገና መሙላት፣ ከዚያም ለጥቂት ሰዓታት ሥዕሉን አለማመን ነው።

የወጀብ ማስጠንቀቂያውም አያርፍም። በሐሩር ክልል ግፊቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በየቀኑ 3 ሄክቶፓስካል ያህል ይወርዳል፤ ደመና ኖረም አልኖረም። ማስጠንቀቂያው ግፊቱ 2 ሲወርድ እንዲጮህ ከተተወ ከሰዓት በኋላ ይጮሃል፤ 5 ላይ ከተደረገ ዝም ይላል፣ ግን ያኔ ለጣና አይረባም። የክረምቱ ወጀብ ከአንድ ደመና ሥር ድንገት ይወጣል እንጂ እንደ ብዙ የባሕር ማዕበል ቀድሞ ግፊት እየጣለ አይመጣም። እንዲያውም ቀዝቃዛው አየር ሲደርስ ግፊቱ ብድግ ሊል ይችላል። ለዚህ ዓይን ይበልጣል።

ነፋሱ ላይ ግን አትታማም። ክንድን ዘርግቶ፣ ከጀልባው ጣሪያ ርቆ፣ ወደ ነፋሱ ዞሮ ቢያንስ የ2 ደቂቃ አማካይ መውሰድ ያስፈልጋል። ጀልባው እየሄደ የተነበበ ቁጥር አይታመንም፦ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ 12 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲገጥመው 27 ያነባል፤ ያንኑ ነፋስ ከኋላ ይዞ ሲመለስ 3። ንባቡ በኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ከሆነ ወደ ኪሎ ሜትር ለመለወጥ በ1.85 ይባዛል። አማካዩ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ነጭ አረፋ ይበዛል። ድንገተኛው ግፊያ ከአማካዩ 40 በመቶ ሊበልጥ ስለሚችል 20 ሲታይ 28 አስቦ መወሰን ይሻላል። የጣና ጥልቀት ከ15 ሜትር ስለማይበልጥ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ለትንሽ ጀልባ ከረጅሙ የባሕር ሞገድ ይከብዳል። ዳር ላይ እምቦጭ ካለ ደግሞ ሞገዱን ስለሚያለዝበው ከወደቡ የሚታየው እርጋታ ያታልላል።

ከመሣሪያዋ ቀድሞ የሚደክመው ነፋሱ የሚያዞረው የትንሿ ፕሮፔለር ኩሽኔታ ነው። የበጋ አቧራ ሲገባበት ቀላል ነፋስ ላይ መዞር ያቆማል፤ ምልክቱ ይኸው ነው። በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማድረቅ እንጂ ዘይት መቀባት አይገባም፣ ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ንባቡን ያወርዳል። የባትሪው ክዳን ጎማ ካልተቀመጠ ስክሪኑ ውስጥ ላብ ይታያል። ሙቀት ለመለካት ከኪስ አውጥቶ ጥላ ሥር ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ አለዚያ የምትነግርህ የራስህን ገላ ሙቀት ነው።

ልትገዛ ካሰብክ ፕሮፔለሩ ለብቻው ተነቅሎ የሚቀየር መሆኑን እይ። ለጣና ብቻ ከሆነ ግፊት የማትለካው ርካሿ ትበቃለች።