ራውተሩን ለወራት ተጠቅሜበት፦ ሳጥኑ ጎበዝ፣ የመጀመሪያው ቀን ግን ጣጣ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ራውተሩ ጥሩ ነው። የመጀመሪያ ቀን ማስጀመሪያው ግን ሰው ያንገላታል። አንዴ በወጉ ከተሞላ በኋላ ዞር ብዬም አላየሁት። እኔ ደግሞ ከራውተር የምፈልገው እንዲረሳ ነው።

ዓይነቱን ለምትጠይቁ፦ ባለ ሁለት ባንድ (በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ)፣ ዋይፋይ 6 ያለው፣ አንድ የዋን (የውጭው መስመር የሚገባበት) እና አራት የላን (የቤቱ ዕቃዎች የሚሰኩበት) ሶኬት ያሉት መካከለኛ ሳጥን ነው። እንዲህ ያለውን ብዙ ኩባንያዎች በየስማቸው ይሠሩታል። የሴቲንግ ገጾቻቸውም ከአቀማመጥ በቀር እምብዛም አይለያዩም። ስለዚህ ሌላ ራውተር የያዘ ሰውም አብዛኛው ይጠቅመዋል።

ማሸጊያው ላይ «በስልክዎ፣ በደቂቃዎች ውስጥ» ይላል። አፑን ጫንኩ፣ ያለኝን ሁሉ ተከተልኩ፣ ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ መጣ፣ ኢንተርኔት ግን የለም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ መሆኑ የሚነግራችሁ በስልኩና በራውተሩ መካከል ያለውን ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን የምታሳየው ሳጥኑ ላይ ያለችው የሉል ምልክት ናት። የእኔዋ ቀይ ሆና ቀረች።

አፑ የመስመሩን ዓይነት እኔው እለያለሁ ብሎ ዲኤችሲፒ መርጦ ነበር። የእኔ መስመር ደግሞ በፒፒፒኦኢ የሚሠራ ነው። በዲኤችሲፒ ራውተሩ አድራሻ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል፣ አለቀ። በፒፒፒኦኢ ግን መጀመሪያ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ካላቀረበ አገልግሎት ሰጪው አያስገባውም። ቋሚ አድራሻ የሚባል ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ ቁጥሮቹን በእጃችሁ የምታስገቡበት፣ መኖሪያ ቤት ውስጥ ግን ብዙም አያጋጥምም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ከመገመት የውል ወረቀቱን ማየት ወይም ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

አፑን ትቼ በላፕቶፕ፣ በኬብል፣ በብሮውዘር ገባሁ። አድራሻው ብዙውን ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ይሆናል፣ ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል። የዋን ገጹን ከፍቼ ፒፒፒኦኢ መረጥኩ፣ የተሰጠኝን ሞላሁ፣ ሉሏ አረንጓዴ ሆነች። አፑ ግን ይህን ገጽ ከሦስት ሜኑ ሥር ደብቆታል። ለጀማሪ ቀሎታል ሲሉ ጀማሪው የሚያስፈልገውን ነገር ነው የሸሸጉበት፣ እውነቱን ለመናገር ይሄ አናዶኛል።

እግረ መንገዴን ስለ ፓስወርድ ልበል፣ ሰው የሚደናበርበት ዋናው ቦታ ይሄ ነውና። ሦስት የተለያዩ ፓስወርዶች አሉ። አንዱ የሴቲንግ ገጹ ነው። ሁለተኛው ስልካችሁ ላይ የምትጽፉት የዋይፋዩ ነው። ሦስተኛው የፒፒፒኦኢ ነው፣ ይሄኛው ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጣ ሲሆን ራውተሩ ራሱ የሚያቀርበው እንጂ እናንተ በየቀኑ የምትነኩት ነገር አይደለም። ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል፣ ዩዘርኔሙ መጨረሻ ላይ ከ@ በኋላ የሚመጣ ነገር ካለው እሱም መቅረት የለበትም። ታዲያ ኔት በጠፋ ቁጥር ያችን ቀጭን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ የሚወጋ ሰው ሦስቱንም ነው የሚያጠፋው። ሪስታርትና ሪሴት አንድ አይደሉም! ሪስታርት አጥፍቶ ማብራት ነው፣ ምንም አይጠፋም። ሪሴት ሳጥኑን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል፣ የፒፒፒኦኢውን ወረቀት ከጣላችሁት ደግሞ ስልክ ይዞ ወረፋ መጠበቅ ነው። ሴቲንጉን በፋይል አስቀምጦ መልሶ መጫን የሚያስችል ቦታ አለው። መስመሩ የሠራ ዕለት ያንን ፋይል ኮምፒውተራችሁ ላይ አኑሩት።

ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ሎጉን ነው፣ ራውተሩ የሚያጋጥመውን የሚመዘግብበትን ገጽ። ብዙ ሰው አይከፍተውም። ፒፒፒኦኢ አልገናኝ ሲል ሎጉ ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ይታያል። ዩዘርኔሙ ወይም ፓስወርዱ ተቀባይነት አላገኘም ካለ፣ መስመሩ ደህና ነው፣ ችግሩ የተሞላው መረጃ ወይም ሒሳቡ ነው። ራውተሩ ደጋግሞ ጠርቶ መልስ የሚሰጥ ከጠፋ ግን ፓስወርዱን መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው። ኬብሉ ሳይገባ፣ ፋይበሩን የሚቀበለው ሳጥን ሳይበራ፣ ወይም የቪላን ቁጥር (አገልግሎት ሰጪው መስመሩን የሚለይበት) ሳይሞላ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የፋይበር መስመሮች ያለዚያ ቁጥር ጥሪውን ጭራሽ አይሰሙም። ይህን ለይቶ ለጥገና ሠራተኛ መንገር ከ«ኔት የለም» በጣም ይሻላል።

ሌላው ጣጣ ድርብ ራውተር ነው። አገልግሎት ሰጪው የሰጣችሁ ሳጥን ራሱ ራውተር ከሆነና የራሳችሁን ከኋላው ከሰካችሁ ሁለቱም አድራሻ ያከፋፍላሉ። ዩቲዩብ ማየት ላይ ምንም አታስተውሉም። የቤት ካሜራን ከውጭ ማየት ወይም አንዳንድ ጌም መጫወት ላይ ግን ያስቸግራል። ለማወቅ የዋን አድራሻውን እዩ። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ከፊቱ ሌላ ራውተር አለ ማለት ነው። የፊተኛውን ብሪጅ ሞድ ላይ ማድረግ (መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ) ወይም የእናንተን አክሰስ ፖይንት ማድረግ (ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ) ነው መፍትሔው። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን አገልግሎት ሰጪው አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው፣ ቤታችሁ ውስጥ የምትቀይሩት ነገር የለም።

ኤምቲዩ የሚባለውን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚላከውን የዳታ እሽግ ትልቁን መጠን፣ አትንኩት። ፒፒፒኦኢ ከ1500 ባይት ላይ 8 ስለሚወስድ ራውተሩ ራሱ 1492 ያደርገዋል። አንዳንድ ድረ ገጽ እየተከፈተ ሌላው ሲንጠለጠል ብቻ እዚያ ጋ እዩ።

እሺ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራትስ? በጥቅሉ ሰላም ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዴ መስመሩ ቶሎ አይነሳም። ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰርቨር የድሮውን ግንኙነት ገና እንደያዘ ስለሚሆን አዲሱን አይቀበልም፣ ጥቂት ደቂቃ ሲጠብቁት ይለቀዋል። የግንኙነቱ ሁኔታ አውቶማቲክ ላይ መሆኑንም አረጋግጡ። «ሲፈለግ ብቻ ተገናኝ» የሚለው ላይ ከሆነ ማንም ሳይጠቀም ሲቆይ ራሱ ይዘጋል፣ ሰውም መስመሩ ይቆራረጣል ብሎ ያማርራል።

አንድ ሰሞን ደግሞ በኬብል የተያያዘው ኮምፒውተር ከ100 ሜጋቢት በታች ላይ ተቸነከረ። ዋይፋዩ ከእሱ ይፈጥን ነበር፣ ይሄ ነው የጠቆመኝ። 100 ሜጋቢት በአራት ሽቦ ይሠራል፣ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል። ኬብሉ ውስጥ ከቀሩት አራቱ አንዷ ከተበጠሰች መሣሪያዎቹ ምንም ሳይሉ ወደ 100 ይወርዳሉ። ኬብሉን ቀየርኩ፣ አለቀ። በነገራችን ላይ 100 ሜጋቢት መስመር ፋይል ሲያወርድ በሰከንድ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ነው፣ እሱን አይቶ ተታለልኩ የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ።

ዋይፋዩ ላይ ግን ማሸጊያው ካጋነነው በታች ነው። 5 ጊጋኸርዙ አንድ ክፍል ውስጥ ያበራል፣ ሁለት ግድግዳ ካለፈ ይደክማል። 2.4ቱ ርቆ ይሄዳል፣ ግን የጎረቤት ሁሉ እዚያው ላይ ነው። ስሞቹን ለያይቻቸዋለሁ፣ ምክንያቱም እንደ ስማርት አምፖል ያሉ ብዙ ዕቃዎች 2.4 ብቻ ነው የሚያውቁት፣ አንድ ስም ሲሆን ለመገናኘት ይቸገራሉ። 2.4ቱን ከ1፣ 6 እና 11 ቻናሎች አንዱ ላይ አድርጉት፣ እርስ በርስ የማይነካኩት እነሱ ናቸው። 5ቱ አውቶማቲክ ላይ ሲሆን አልፎ አልፎ ድንገት ይጠፋ ነበር። ራዳር የሚጠቀምባቸው ቻናሎች ላይ ከገባ ምልክት ሰማሁ ባለ ቁጥር መልቀቅ ግዴታው ነው፣ ወደ ሌላ እንዲህ ያለ ቻናል ሲሄድ ደግሞ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ማዳመጥ አለበት። 36 ላይ ቸነከርኩት፣ ችግሩ ቆመ።

ሴኩሪቲው ላይ ብዙ አልልም። ደብሊውፒኤስን (ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን) ዘጋሁት፣ ከውጭ ሴቲንግ ውስጥ መግባትን ዘጋሁት። የዋይፋዩን መቆለፊያ ደብሊውፒኤ 3 ብቻ ሳደርገው አሮጌው ፕሪንተር እምቢ ስላለ ከ2 ጋር የተቀላቀለውን መረጥኩ።

የማልወድለት ነገር ካለ አፕዴት ነው። አንዱ አፕዴት የለያየኋቸውን የዋይፋይ ስሞች ሳይጠይቀኝ መልሶ አንድ አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ አፕዴቱ በራሱ እንዳይጫን አድርጌ እኔው እየተከታተልኩ እጭነዋለሁ። አለመጫን ግን አይመከርም፣ የደህንነት ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በእሱ ነው።

ለአንድ አፓርታማ ይበቃል፣ ያለ ስጋት ውሰዱት። ባለ ፎቅ ወይም ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት ከሆነ ግን ይህን ሳጥን በትልቁ ወንድሙ ከመተካት ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት ጨምሩ። በተቻለ መጠን ሁለቱን በኬብል አገናኟቸው፣ በአየር የሚያቀባብለው ርካሽ ማራዘሚያ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል።