ማይ ኔክስት ላይፍ አዝ ኤ ቪለነስ፦ መጥፊያዋን ቀድማ የምታውቅ ክፉ

ዳግም የመወለድ ታሪክ የሰለቸው ሰው እንኳ ይህን አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን ተከታታይ) ቢሞክረው አይቆጨውም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ 12 ክፍል ያለው ነው። ካታሪና ክላስ የተባለች ሞልቃቃ የመኳንንት ልጅ በ8 ዓመቷ ወድቃ ጭንቅላቷን ስትመታ ያለፈ ሕይወቷ ትዝ ይላታል፤ ለካ የጌም ሱሰኛ ተማሪ ነበረች፣ አሁን ያለችውም ስትጫወተው በነበረው የፍቅር ጌም ውስጥ ነው። ችግሩ፣ የደረሳት የክፉዋ ቦታ ነው። መጨረሻዋ ወይ ስደት ወይ ሞት።

እኔን የያዘኝ ዝግጅቷ ነው። ብባረር ሠርቼ እንድበላ ብላ እርሻ ትቆፍራለች፤ እጮኛዋ ልዑል እባብ ስለሚፈራ፣ ሰይፍ ከመዘዘብኝ እወረውርበታለሁ ብላ የአሻንጉሊት እባብ ትሠራለች፣ ደጋግማ እያሻሻለች። (ጭንቅላቷ ውስጥ ተሰብስበው የሚመክሩት አምስት ትንንሽ ካታሪናዎችማ ለብቻቸው እንኳ መታየት የሚገባቸው ናቸው!) ወንድሟ ኪት በጸጸት በር ዘግቶ ሲቀመጥ ደግሞ መጥረቢያ አንስታ በሩን ትፈልጠዋለች። በጌሙ ውስጥ ልጁን ያበላሸው ብቸኝነት ነበር፤ እሷ ግን ብቻውን የሚሆንበት ፋታ አልሰጠችውም።

ክፉዋን ዋና ገጸ ባሕርይ የሚያደርጉ ታሪኮች ስበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ጀግናዋን ደራሲው ይጠብቃታል፤ ክፉዋ ግን ራሷን ካላዳነች ማንም የላትም።

የማልወደው ሁሉም ሲያፈቅራት ምንም አለማስተዋሏን ነው፤ ቀልዱ ይደጋገማል። የ2021ዱ ሁለተኛ ምዕራፍ ደግሞ ዋናው ሥጋት ካለፈ በኋላ ስለሚጀምር ልብ አይሰቅልም። እሱን ጊዜ ከተረፋችሁ ብቻ እዩት።