ወደ ሳውዝ ዳኮታ በኪራይ መኪና የምትሄዱ፣ ያቺን «ሙሉ ጥበቃ» እንዳትገዙ

ሰላም ወገኖች። ይሄን የምጽፈው በተለይ ሚኒሶታ ለምትኖሩ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አንብቡት፣ ከፊሉ ይመለከታችኋል። በዚህ ሰመር ቤተሰብ ይዛችሁ በኪራይ መኪና ወደ ሳውዝ ዳኮታ ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ መኪናውን የምትይዙበት ድረ ገጽ በቀን 11 ዶላር ብሎ የሚያቀርብላችሁን «ሙሉ ጥበቃ»፣ ማለትም የኪራዩ መኪና ቢጎዳ ይከፍላል የሚባለውን ሽፋን፣ አትግዙ። እኔ ገዝቻለሁ። ለስድስት ቀን 66 ዶላር ከፈልኩ። ስመለስ 2,860 ዶላር ክፈል የሚል ደብዳቤ መጣልኝ፣ ሙሉ ጥበቃ የተባለው ደግሞ አንድ ሳንቲም አልከፈለልኝም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ፊት የተቀረጸበትን ተራራ፣ ማውንት ረሽሞርን፣ በቴሌቪዥን አይታው ስለነበር እንውሰዳት ተባባልን፣ እሷ ደግሞ ፍልሰታ ሳይገባ ይሁን ብላ ስላጣደፈችን ጉዞው ጁላይ መጨረሻ ላይ ሆነ። ሰባት ሰው ነን፣ የኛ መኪና አምስት ነው የምትይዘው። ስለዚህ ሚኒቫን መከራየት ግድ ሆነ። ዋጋ አወዳድሮ የሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ ገባሁና ርካሹን ያዝኩ። ልከፍል ስል አንድ ገጽ መጣ፤ ጥበቃውን ካልገዛህ ለመኪናው ሙሉ ዋጋ ተጠያቂ ነህ የሚል ቀይ ጽሁፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ። ልጆች ይዤ ነው የምሄደው፣ ፈራሁ፣ ተጫንኩት።

መኪናውን ልረከብ ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቴን አይታ «ይሄ የኛ አይደለም፣ እኛ አናውቀውም» አለችኝ። የራሳቸውን ሽፋን በቀን 34 ዶላር አቀረበችልኝ። እኔ አለኝ አልኩና ፈረምኩ። ካርዴ ላይ 500 ዶላር ማስያዣ ያዙ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይሄ ነው። ከድረ ገጹ የምትገዙት ነገር ከአከራዩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መኪናው ሲጎዳ አከራዩ የሚጠይቀው እናንተን ነው። እናንተ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ደረሰኝ ሰብስባችሁ ለሌላ ድርጅት መልሱልኝ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ውሉ ውስጥ ደግሞ፣ ከብዙ ገጽ በኋላ፣ የኪራይ ውሉን ከጣሳችሁ ጥበቃው አይሠራም ይላል። የኪራይ ውሉስ ምን ይላል? አስፋልት ባልሆነ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው ይላል። ይሄ አንቀጽ ብዙ አከራዮች ዘንድ አለ።

ሳውዝ ዳኮታን የማያውቅ ሰው ታዲያ ምን ችግር አለው ይላል። ሀይዌዩ እኮ በጣም ጥሩ ነው። አይ-90 ስቴቱን ከዳር እስከ ዳር ከ400 ማይል በላይ ያቋርጠዋል፣ የፍጥነት ወሰኑ 80 ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ሣርና በቆሎ ብቻ። ሱ ፎልስ ላይ የሐበሻ ምግብ በላን፣ ሚቼል ላይ ግድግዳው በበቆሎ እሸት የተሸፈነውን ቤት ልጆቹ አዩ፣ ቻምበርሌን ላይ ሚዙሪ ወንዝን ስንሻገር እማዬ መስኮቱን አስከፈተችና ዝም ብላ ስታይ ቆየች። «ይሄ ሁሉ መሬት ሰው የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ። ያቺ ጥያቄዋ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ግን ከአይ-90 በወጣችሁ ቅጽበት ነገሩ ይለወጣል። አብዛኛው የካውንቲ መንገድ ፒስታ ነው። ባድላንድስ ፓርክ ውስጥ ራሱ ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፣ ጎሾቹን በደንብ የምታዩበት ሴጅ ክሪክ ሪም ሮድ ግን ጠጠር ነው። መንገዱን ሕዝብ ሁሉ ይነዳዋል፣ የፓርኩ ካርታ ላይም አለ። ክልክል ነው የሚል ምልክት የለም፣ ምክንያቱም ፓርኩ አልከለከለም። የከለከለው የኪራይ ውሌ ነው። እኛም ገባን። ጎሾቹን መንገድ ዳር አገኘናቸው፣ ልጆቹ በደስታ ጮሁ። ከፊት የሚመጣ ፒክ አፕ በፍጥነት አልፎን ሲሄድ ጠጠር ወረወረና የፊት መስታወቱ ላይ ስንጥቅ ወጣ።

የዚያኑ ቀን ማታ ደግሞ በረዶ መጣ። ስኖው ማለቴ አይደለም፤ አገራችን ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ ነው፣ ግን በጣም ትልቅ። ዎል የምትባለው ትንሽ ከተማ ገብተን፣ ያንን በየማይሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ «ነጻ የበረዶ ውሃ» እያለ ሲጠራን የነበረውን ሱቅ እያየን ነበር። ሰማዩ ድንገት አረንጓዴ መሰለ። አሥር ደቂቃ ያህል ወረደ። ስንወጣ የሚኒቫኑ ኮፈንና ጣሪያ ላሜራው ተጎድጉዷል። ይሄ ደግሞ እዚያ አገር ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ እስከዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ ትልቁ የበረዶ ጠጠር የወደቀው እዚያው ሳውዝ ዳኮታ፣ አይ-90 አጠገብ ያለችው ቪቪያን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 2010 ሲሆን፣ ስፋቱ 8 ኢንች ነበር። እኛ በዚያው መንገድ ነው ያለፍነው፣ በዚያው ወር።

መኪናውን መለስኩ፣ የሆነውን ሁሉ በእውነት ተናገርኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። ለላሜራው 1,740፣ ለመስታወቱ 520፣ መኪናዋ ጋራዥ ለቆመችባቸው ሰባት ቀናት በቀን 60 ሒሳብ 420፣ ለጽህፈት ሥራ ደግሞ 180 ዶላር። ያ ለቆመችበት ቀን የሚጠይቁት «ሎስ ኦፍ ዩዝ» ይባላል፣ ስሙን ያዙት፣ ያስፈልጋችኋል።

ወደ ጥበቃው ድርጅት ጻፍኩ። ፎርም ሞላሁ፣ ፎቶ ላክሁ፣ የኪራይ ውሉን ላክሁ። ጉዳቱ የት ደረሰ ብለው ጠየቁኝ፣ መስታወቱ ሴጅ ክሪክ ላይ ነው አልኩ። ካርታ አይተው ፒስታ መሆኑን አወቁ። መልሳቸው አንድ ገጽ ነበር፤ ውል ስለጣስክ የመስታወቱንም የበረዶውንም አንከፍልም። በረዶው የወረደው ከተማ መሃል፣ አስፋልት ላይ ቆመን እያለ ነው እኮ! ብዙ ጊዜ ደወልኩ፣ በተደወለ ቁጥር ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው፣ ታሪኩን እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አከራዩ ማስያዣውን 500 ዶላር አስቀረ፣ ለቀረው ወደ ዕዳ ሰብሳቢ እንልክሃለን አለ። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ወጥተን ስንጨዋወት ኢንሹራንስ የሚሠራ ወንድም ጉዳዩን ሰማና «ለራስህ መኪና ኢንሹራንስ ደውለሃል?» አለኝ። አልደወልኩም። የኔ ሽፋን ተራ ሊያቢሊቲ ነው፣ በሌላ ሰው ላይ ላደረስኩት ጉዳት ብቻ የሚከፍል፤ መኪናዬ አሮጌ ስለሆነች የራሴንም መኪና ጉዳት የሚሸፍነው ፉል ኮቨር የለኝም፣ ስለዚህ ለኪራይ መኪና ምን ሊያደርግልኝ ብዬ ነበር። እሱ ግን ሚኒሶታ ውስጥ ሕጉ ሌላ ነው አለኝ። አንድ ግለሰብ ሚኒሶታ ውስጥ የገዛው የመኪና ኢንሹራንስ፣ ሊያቢሊቲ ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ለአንድ ወር ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ በተከራየው መኪና ላይ ለሚደርስ ጉዳት፣ ሎስ ኦፍ ዩዝ ጭምር፣ ቢያንስ እስከ 35,000 ዶላር መሸፈን አለበት። ጥፋተኛው ማን ነው የሚለውም አይታይም። ይሄ የስቴቱ ሕግ ነው።

አላመንኩም። ቤት ገብቼ የኪራይ ውሌን አወጣሁ። እዚያው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል! ኢንሹራንስህ የሚኒሶታ ከሆነ ይሄን መኪና መሸፈን አለበት፣ ስለዚህ ተጨማሪ ሽፋን መግዛት አያስፈልግህም የሚል ማሳሰቢያ። ከላይ ፊርማዬ አለ። አላነበብኩትም። ድረ ገጹ ላይ ግን ይሄ ማሳሰቢያ የትም አልነበረም፣ የነበረው ቀይ ጽሁፍና አረንጓዴ ቁልፍ ነው። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጥዋትና ማታ ሠርቶ በየወሩ ኢንሹራንስ የሚከፍል ሰው፣ በእጁ ያለውን ነገር በፍርሃት ሁለተኛ ይሸጡለታል፣ የሸጡለት ደግሞ ያው የማይሠራ ነው።

ሰኞ ለራሴ ኢንሹራንስ ደወልኩ። ለምን ቶሎ አልነገርከንም ብለው ተቆጡ፣ ግን ፋይል ከፈቱ። ፒስታ ላይ ነድተሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከአንድ ወር በኋላ 2,680ውን ከአከራዩ ጋር ጨረሱ። የጽህፈት ሥራ የተባለውን 180 ዶላር እኔ ከፈልኩ። የጥበቃው 66 ዶላር እንደተበላ ቀረ።

እንግዲህ ሚኒሶታ የምትኖሩና በስማችሁ የመኪና ኢንሹራንስ ያላችሁ፣ ከጉዞው በፊት ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉና የኪራይ መኪና ሽፋናችሁን በጽሁፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ ማን ማን እንደሚነዳም ንገሯቸው። ኢንሹራንሱ እምቢ ካላችሁ የሚኒሶታ ንግድ መሥሪያ ቤት የኢንሹራንስ አቤቱታ ይቀበላል። የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ ግን ይሄ ሕግ አይጠቅማችሁም፣ ምክንያቱም ኢንሹራንሱ ራሱ የለም። እንደዚያ ከሆነ ውድ ቢሆንም የአከራዩን የራሱን ሽፋን ማየት ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ ከመኪናው ባለቤት ጋር የተደረገ ነው። ግን እሱም ቢሆን ፒስታ ላይ ሊፈርስ ይችላልና አንቀጹን አንብቡ።

ዴንቨር፣ ዳላስ፣ ሲያትል ያላችሁ ደግሞ የኔን ታሪክ ይዛችሁ እንዳትተማመኑ። ሌላ ስቴት ላይ ሊያቢሊቲ ብቻ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ለኪራይ መኪናው ጉዳት ምንም የለውም። ኡበር የምትነዱ ወንድሞች ይሄን በደንብ አጣሩ። አንዳንድ ክሬዲት ካርድ ሽፋን አለው፣ ግን ኪራዩን ሙሉ በሙሉ በዚያው ካርድ መክፈልና የአከራዩን ሽፋን አልፈልግም ማለት አለባችሁ፣ ዋናው ተከራይም የካርዱ ባለቤት ይሁን። በዴቢት ካርድ ከሆነ እሱም የለም፣ ማስያዣውም ከቼኪንግ አካውንታችሁ ነው የሚያዘው።

ስለ መንገዱ ጥቂት ልጨምር። ሰመር ላይ ማዕበሉ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ረጅሙን መንገድ ጠዋት ንዱ። በረዶ ከያዛችሁ ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ሥር ግቡ እንጂ ሀይዌይ ላይ ድልድይ ሥር አትቁሙ፣ ከኋላ የሚመጣ ይገጫችኋል። ራፒድ ሲቲ አካባቢ ርካሹ ቤንዚን የኦክቴን ቁጥሩ (የቤንዚኑ ደረጃ) 85 ነው፣ ብዙ መኪና ደግሞ 87 ነው የሚፈልገው፣ በሳንቲም ብላችሁ በሰው መኪና አትሞክሩት። ኦገስት መጀመሪያ ላይ የስተርጂስ የሞተረኞች ስብሰባ ስላለ የሆቴል ዋጋ ሰማይ ይነካል። ማውንት ረሽሞር መግቢያው ነጻ ነው፣ የሚከፈለው ለፓርኪንግ ነው፣ የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ እዚያ አይሠራም።

ጥበቃውን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት መሰረዝ የሚፈቅድ ውል ብዙ ነው። ኢሜላችሁ ውስጥ ግቡ፣ የኪራዩን ማረጋገጫ ሳይሆን የጥበቃውን ለብቻው የመጣውን ኢሜል ፈልጉ፣ የፖሊሲ ቁጥሩን ያዙና ዛሬውኑ ሰርዙት። ሲሰርዙላችሁ የሚልኩትን መልስ ፎቶ አንሱ።