ሁለተኛ በነፃ የማይዘፍነው ወፍ፦ የግሪም ተረቶች የመጀመሪያ እትም

አስቀድሜ ልናገር፤ ይህን መጽሐፍ ለልጆቻችሁ እንዳትገዙ። ተረት ስለተባለ ብቻ የልጆች ይመስላል። ውስጡ ግን አባት የገዛ ልጁን እጆች ይቆርጣል፣ ወንድም ወንድሙን ገድሎ ድልድይ ሥር ይቀብራል፣ እናት ልጆቿን ጫካ ወስዳ ለመጣል ባሏን ትገፋፋለች። ለአዋቂ ሰው ግን፣ በተለይ ከኪነ ጥበብ እንጀራ ለሚበላና እንዲህ ዓይነት ሰው ቤቱ ላለ፣ ካነበብኳቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው።

መጽሐፉ ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ያኮብና ቪልሄልም ግሪም በፈረንጆች 1812 እና 1815 በሁለት ቅጽ ያሳተሙት የመጀመሪያው እትም ነው። ጃክ ዛይፕስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ2014 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። 156 ተረቶች አሉት። እኛ በፊልምም በልጆች መጽሐፍም የምናውቀው ሌላውን ነው፤ ወንድማማቾቹ እስከ 1857 ድረስ ሲያርሙትና ሲያለዝቡት ከኖሩት የተቀዳውን። እዚህኛው ላይ ስኖው ዋይት የምትባለዋን ልዕልት ልታስገድል የምትነሳው የገዛ እናቷ ናት። ጫካ የሚጣሉት የሃንስልና የግሬትል እናትም እንደዚያው። የእንጀራ እናት የሆኑት በኋላ፣ ሲታረሙ ነው። እኔ ያልታረመውን እመርጣለሁ። ቤት ውስጥ የሚደርስ ጉዳት ሁሉ ከውጭ በመጣ ሰው አይመጣምና።

ሐዋሳ ውስጥ መጽሐፍ የምንዋዋስ ጓደኛሞች አለን፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ይዘን ቁጭ ብለን አንዳችን ጮክ ብለን እናነባለን። ይህ መጽሐፍ ደግሞ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው የሚጥመው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ደረቅ ናቸው፤ አያባብሉም፣ አያለቅሱም። ገዳዩ ገደለ ይላል፣ ያልፋል። እንግሊዝኛውም ስለማይከብድ እያነበብኩ ወዲያው በአማርኛ እነግራቸዋለሁ።

ቁጥር 47 ላይ ያለው የጥድ ዛፍ ተረት ሁላችንንም ዝም አሰኘን። የእንጀራ እናት ልጁን ሳጥን ውስጥ ካለው ፖም አንሣ ትለውና ጎንበስ ሲል ክዳኑን ትዘጋበታለች። አንገቱ ይቆረጣል። ከዚያ ወጥ ትሠራዋለች፤ አባትየው ሳያውቅ እየጣመው ጨምሩልኝ እያለ ይበላል፣ አጥንቱን ጠረጴዛ ሥር ይጥላል። እህቱ እያለቀሰች አጥንቱን በሐር ጨርቅ ቋጥራ ጥዱ ሥር ታኖረዋለች። ከዛፉ ወፍ ይወጣል። ወፉ የደረሰበትን ሁሉ በዜማ ይናገራል፣ ሰውም በጣም ያምራል ይላል! ወርቅ ሠሪው ከሱቁ ወጥቶ ሲሮጥ አንድ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ይወልቃል፤ ባንድ ጫማ መንገድ ላይ ቆሞ እስቲ ድገምልኝ ይለዋል። ወፉ ሁለተኛ በነፃ አልዘፍንም ይላል። የወርቅ ሐብሉን ከተቀበለ በኋላ ነው የሚደግመው። ከጫማ ሠሪው ቀይ ጫማ፣ ከወፍጮ ቤት ሠራተኞች የወፍጮ ድንጋይ እንዲሁ እየዘፈነ ይወስዳል።

አብሮን የነበረው ልጅ ክራር ተጫዋች ነው። ማታ ማታ ሆቴል ይጫወታል፣ እንግዳ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ዘመድ ሰርግ ላይ ግን ያንተው ቤት አይደል እንዴ ተብሎ እስኪነጋ ተጫውቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። እዚህ ጋ ስደርስ ሲኒውን አስቀምጦ «እስቲ ያቺን ገጽ መልሰሽ አንብቢያት» አለኝ። አነበብኩለት።

ይህን ተረት የወደድኩት ከዚያ ቀጥሎ ባለው ነው። ወፉ ከባዕድ ሰው የሰበሰበውን ይዞ የሚበረው ወደ ቤቱ ነው። ሐብሉ ለአባቱ፣ ጫማው ለእህቱ። የወፍጮ ድንጋዩም ለእንጀራ እናቱ፣ አናቷ ላይ። ዘፈኑ የተሠራው ቤተሰቡ ካደረሰበት ነው፣ ገቢውም ተመልሶ ለቤተሰቡ ነው። ያ ክራር ተጫዋች የሆቴሉን ብር ምን ላይ እንደሚያውለው ስለማውቅ ነው መሰለኝ ይህ ነገር ልቤን የነካኝ፤ የእህቱን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለው እሱ ነው።

የስድስቱ ስዋኖች፣ ማለትም ዝይ መሳይ ወፎች የሆኑት ወንድሞች ተረት ቁጥር 49 ነው። እህት ወንድሞቿን ወደ ሰውነት ለመመለስ ስድስት ዓመት ሳትናገርና ሳትስቅ ከአበባ ሸሚዝ ትሰፋለች። ልጆቿን ሲወስዱባት፣ በልታቸዋለች ተብላ ስትከሰስ እንኳ አፏን አትከፍትም፤ ከተናገረች የሰፋችው ሁሉ ከንቱ ነው። በመጨረሻ የአንዱ ሸሚዝ ግራ እጅጌ ሳያልቅ ይቀራል፣ ትንሹ ወንድምም በክንዱ ፈንታ የወፍ ክንፍ ይቀርለታል። እናቴ ጥልፍ ጠላፊ ናት። ሥራ ይዛ ሰው ሲያናግራት አትሰማም፣ በልጅነቴ በዚህ በጣም አኮርፋት ነበር። ስለዚህ ያቺ እህት ለኔ የሩቅ አገር ልዕልት አይደለችም።

እኛም ብንሆን ተረታችንን የምንጨርሰው ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ ብለን ነው። ተራኪ ዳቦውን ይጠይቃል፣ ነውርም የለውም። መጽሐፉ ሩቅ ያልሆነብኝ በዚህም ነው።

ቅሬታም አለኝ። ከ156ቱ ሁሉም እኩል አይደሉም። አንዳንዱ በጥቂት መስመር ያልቃል፣ አንዳንዱ ከሌላው ጋር እየተመሳሰለ ያሰለቻል፤ በተለይ በተከታታይ ካነበባችሁት። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነም ተሸክሞ ለመዞር አይመችም። የአንድሪያ ዴዦ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ግን በጣም ያምራሉ፣ ብዙ ቢሆኑ ደስ ባለኝ። ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ።

ከቁጥር 1 አትጀምሩ። 47ን አንብቡ፣ ከዚያ 49ን፣ ከዚያ 28ን። 28 የተገደለው ወንድም አጥንት የእረኛ መለከት አፍ ሆኖ ገዳዩን የሚያጋልጥበት ነው። ሦስቱ ካልያዟችሁ ሌሎቹም አይይዟችሁምና ገንዘባችሁን አታውጡ።